የቆቅ ውኃ ስንጥቅ

ጭጋጉ ከዘመሮ ሲነሡ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ዳገቱን ሳይጨርሱ አናታቸውን ዋጠው። ትርሲት ወሰኔ ከፊቷ የሚታያት የበቅሎዋ ጭራ ብቻ ሆነ። የባለ በቅሎው የዳኜ ዱላ ድንጋይ ሲነካ ትሰማለች፤ ሰውየውን ግን አታየውም።

«ጋሽ ዳኜ፣ መንገዱ ይታይዎታል?»

«መንገዱን በቅሎዋ ታየዋለች። እኔ በቅሎዋን አያለሁ። አንቺ እኔን ተከተይ።»

«ፈጠን ማለት አንችልም?»

«በጭጋግ የፈጠነ ሰው ገደል ቶሎ ይደርሳል።»

እግሯ ግን አላረፈም። አንድ ቦታ ቆማ መቆየት ከልጅነቷ የማይሆንላት ሰው ናት፤ ከሰኞ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። ሰኞ ዕለት የቆቅ ውኃው መምሬ ባስልዮስ ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ወጥተው ደብረ ብርሃን ቢሮዋ ደውለውላት ነበር። «ልጄ፣ ከገደሉ ሥር ያለው ምንጭ ደፍርሷል። ዝናብ ባይጥልም ከላይ ጠጠር ይረግፋል። ያን ጊዜ የለጠፋችሁት ነገር ምን ይላል?» አሏት።

ምን እንደሚል እሷም አላወቀችም። ቆቅ ውኃ ከጊሼ ገደሎች በአንዱ ሥር የተጠጋች የአርባ አባወራ መንደር ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለገደሉ ትቀርባለች። ከሦስት ዓመት በፊት ትርሲት ከባልደረቦቿ ጋር በገደሉ አናት ላይ ረጅም ስንጥቅ አግኝታ መስፋቱን የሚለኩ ስድስት ሴንሰሮች ለጥፋበታለች። የሚነበቡት ግን ቦታው ድረስ በሄደ ሰው ብቻ ነው። የዘንድሮው ጎርፍ የመኪናውን መንገድ ሁለት ቦታ ቆርጦታል። ስለዚህ የሁለት ቀን የእግር መንገድ።

ከዘመሮ ሳትወጣ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ደውሎላት ነበር። «የስድስቱም ንባብ ሳይሟላ ለሕዝቡ ምንም እንዳትናገሪ። አንቺ ቁጥሩን አምጪ፤ ውሳኔው የእኛ ነው» አላት። እሺ ብላው ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ የለም።

አምባው ላይ ሲወጡ ጭጋጉ ተገፈፈና ከኋላው የተደበቀው ደመና ታየ። ጥቁር ነበር። ዳኜ ቀና ብሎ አየው፤ ሳይናገር በቅሎዋን ወደ አንድ የድንጋይ ጥላ ጎተታት። ገና ሳይደርሱ በረዶው ወረደ። የጓሳውን ሣር እያጨደ፣ የጅብራውን ቅጠል እየበሳ፣ ጀርባቸውን እየደበደበ። ትርሲት ያዘለችውን ቦርሳ ወደ ደረቷ አዙራ በላዩ ተጎነበሰች። ድንጋዩ ሥር ሲገቡ ጆሮዋ ደምቶ ነበር።

ዳኜ ጋቢውን እየጨመቀ ቦርሳውን አየው። «ምንድን ነው እንደ አራስ ልጅ የምታቅፊው?»

«ማንበቢያ ነው። ገደሉ ላይ ያሉት ሴንሰሮች የአውራ ጣት ያህላሉ። ስንጥቁን ከወዲህ ወዲያ በሚሻገር የብረት ቅጠል ላይ ተጣብቀዋል። ባትሪ የላቸውም፤ ሽቦም የላቸውም።»

«ታዲያ በምን ይሠራሉ?»

«ይሄኛው በሬዲዮ ይጠራቸዋል። ውስጣቸው ያለው ክሪስታል ጥሪውን ይቀበልና ውኃ ላይ እንደሚሄድ ሞገድ በገላው ላይ ያስኬደዋል፤ ከዚያ መልሶ ይልክልኛል። ስንጥቁ ከሰፋ ክሪስታሉ ይሳባል፤ መልሱ ይዘገያል። በዘገየበት ልክ ስንት እንደሰፋ አውቃለሁ። ሙቀቱንም እንደዚሁ።»

ዳኜ ትንሽ አሰበ። «የገደል ማሚቶ ነዋ።»

«እንደዚያው ነው። ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ማን እንደመለሰልኝ አውቃለሁ።»

በረዶው እስኪያባራ አንድ ሰዓት ፈጀ። ትርሲት ያን ሰዓት ቆማ፣ ዞራ፣ ደግሞ ቆማ ጨረሰችው። አምባው ነጭ ለብሶ ሲቀር እየተንሸራተቱ ጉዞ ቀጠሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአምባው ጠርዝ ደረሱ። ቁልቁለቱ ገደል ለገደል የሚጠማዘዝ፣ በቅሎ ከነጭነቷ በጭንቅ የምታልፍበት ቀጭን መንገድ ነው። ከበላያቸው የጭላዳ መንጋ ወደ ማደሪያው ይወርዳል፤ ወንዶቹ ጋማቸውን እየነሰነሱ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው። ድንገት መንጋው ባንድ አፍ ጮኸ።

ዳኜ ቆመ። «አትንቀሳቀሺ።»

አንድ ነብር ከላይ ካለው ቋጥኝ እንደ ተወረወረ ነገር ወረደ። ያለመው አንዲት ግልገል ጭላዳ ላይ ነበር፤ ሳታት፤ ተንከባሎ መንገዱ ላይ፣ ከበቅሎዋ አፍንጫ ሥር ቆመ። ለአንድ አፍታ ተያዩ። በቅሎዋ ወደ ኋላ ስትሸሽ የኋላ እግሮቿ ጠርዙን ሳቱ።

ገመዱ በዳኜ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። በቅሎዋ ስትንሸራተት አብራ ጎተተችው። ትርሲት ጋቢውን በሁለት እጇ ጨብጣ ተረከዟን ድንጋይ ላይ ተከለች።

«ይልቀቁት! ጋሽ ዳኜ፣ ይልቀቁት!»

ክንዱን ፈተለው፤ ገመዱ ቆዳውን ገፎ ወጣ። ከታች የወደቀ ነገር ድምፅ እስኪሰማ ረጅም ጊዜ የቆየ መሰላቸው። ነብሩ መቼ እንደሄደ አላዩትም።

ዳኜ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ተመለከተ። «ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን» አለ። ትርሲት ነጠላዋን ቀድዳ ክንዱን አሰረችለት። ስንቁ፣ ድንኳኑ፣ መጠባበቂያው ባትሪና የፀሐይ ኃይል መሙያው ከበቅሎዋ ጋር ሄደዋል። የቀረው ማንበቢያው ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ ሠላሳ አንድ በመቶ።

«መመለስ ይችላሉ» አለችው። «ቅር አልሰኝም።»

«መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«እንግዲያው አትዘባርቂ።»

ዋሻ ውስጥ አድረው ሳይነጋ ተነሡ። በሦስት ሰዓት ከቁልቁለቱ ሥር ያለው ወንዝ ዳር ደረሱ። ሞልቶ ቀይ ጭቃና ግንድ እየገፋ ይወርዳል። መሻገሪያው ላይ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ ጠመንጃ የያዘ፣ ጺሙ የሸበተ፤ ሌላው ጃኬት የለበሰ ወጣት። ወጣቱ ተነሥቶ መንገዱን ዘጋ።

«ዕቃሽን አውርጂ።»

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ወርቅ የሚያሳየውን መሣሪያ። ገደሉ ላይ ምልክት ያደረጋችሁበትን አይተናል። መምሬ ደውለው እንዳስጠሩሽም ሰምተናል።»

«ወርቅ አያሳይም። ስንጥቅ ነው የሚለካው።»

«ስንጥቅ ለመለካት ነው ሰው ከደብረ ብርሃን ድረስ በእግሩ የሚመጣው?»

ባለ ጠመንጃው አልተነሣም። በኃይሉ ይባላል፤ ዳኜ ከገበያ ያውቀዋል። «አብሪውና አሳዪን» አላት ረጋ ብሎ። «የወርቁ ወሬ ውሸት ከሆነ እናንተ ትሄዳላችሁ።»

ትርሲት ባትሪው አሳሳት። ግን ምርጫ አልነበራትም። አበራችው። «ከዚህ ሆኜ ብጠራ የሚመልስልኝ የለም፤ ከሃያ እርምጃ በላይ አይሰማም» እያለች ቁጥሮቹን በተራ ጠራች። አንድ፤ ዝም። ሁለት፤ ዝም። ሦስት፣ አራት፤ ዝም።

አምስት መለሰ።

ተበላሸ ብላ እንደገና ጠራችው። አሁንም መለሰ፤ ሠላሳ አንድ ዲግሪ። ቀና አለች። አንድ እርምጃ ወደ ወጣቱ ቀረበች፤ ምልክቱ በረታ። ሌላ እርምጃ ጨመረች።

«አምስተኛው አንተ ጋ ነው» አለችው።

«ምን ትላለች ይቺ?»

«የገደል ድንጋይ በነሐሴ እንዲህ አይሞቅም። ይሄን የሰው ገላ ነው ያሞቀው። ከስንጥቁ ላይ ነቅለኸዋል።»

በኃይሉ ተነሣ። «ይታየው፣ ምንም አላገኘሁም ብለኸኝ አልነበር?»

«ውሸቷን ነው!»

«ኪስህን አራግፍ።»

ይታየው የኪሱን ሳይሆን የትርሲትን እጅ አየ። ተወርውሮ ማንበቢያውን መነጨቃት። ሁለት እርምጃ አልሮጠም፤ የዳኜ ዱላ የእጁ አንጓ ላይ አረፈ፤ ማንበቢያው ድንጋይ ላይ ወደቀ። በኃይሉ ወጣቱን በአንገቱ ይዞ የጃኬቱን የውስጥ ኪስ ገለበጠ። በላስቲክ የተጠቀለለች፣ አውራ ጣት የምታህል ግራጫ ነገር ወደቀች። አንሥቶ አገላበጣት፤ ክብደት እንኳ አልነበራትም።

«ለዚህ ነው ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የዋሸኸኝ?»

ይታየው የተመታ እጁን አቅፎ፣ ዞር እያለ እየተሳደበ፣ በወንዙ ዳር ወደ ታች ሄደ።

የማንበቢያው መስታወት ተሰንጥቆ ነበር፤ ግን ይሠራል። ሃያ ሁለት በመቶ። በኃይሉ ሴንሰሩን በትርሲት መዳፍ ላይ አኖረና እጇን ወዲያው አልለቀቀም።

«ገደሉ ይወድቃል ነው የምትይው?»

«አላውቅም። ለማወቅ ነው የምሄደው።»

«እህቴ ቆቅ ውኃ ነው ያገባችው። አራት ልጅ አላት።» ጠመንጃውን አነገተ። ወገቡ ላይ የጠመጠመውን ገመድ ፈታ። «እኔ ቀድሜ ልሻገር። ገመዱን ሳስርላችሁ ትመጣላችሁ።»

ውኃው ደረታቸው ድረስ መጣ። መካከል ላይ ግንድ መጥቶ የትርሲትን ጎን መታት፤ እግሯ ተነቀለ፤ ገመዱን በአንድ እጇ፣ በጨርቅና በላስቲክ የተጠቀለለውን ማንበቢያ በሌላው እጇ አናቷ ላይ ይዛ ተንጠለጠለች። ዳኜ ከኋላ በትከሻው ገፋት። ዳር ስትወጣም ቁጭ አላለችም። «እንሂድ» አለች።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ገደሉ አናት ላይ ወጡ። ከታች ቆቅ ውኃ ትታያለች፤ የሣር ክዳንና ቆርቆሮ፣ የበግ ጉረኖ፣ አረንጓዴ የገብስ ማሳ። የፍልሰታ ጾም ነው፤ ከልጅ እስከ አዋቂ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል። የቅዳሴው ደወል ከሥራቸው ተሰማ።

ትርሲት ስንጥቁን ይዛ እየሄደች ጠራች። ሁለተኛው ዘጠኝ ሚሊሜትር አለ። ሦስተኛው አሥራ አንድ። ስድስተኛው አምስት። በሰኔ ባልደረባዋ መጥቶ ሲያነብ ሦስት፣ አራትና ሁለት ነበሩ። አንደኛውና አራተኛው ዝም አሉ። ደጋግማ ጠራቻቸው፤ ዝም።

«ከስድስቱ ሦስት ብቻ» አለች ለራሷ። በቢሮ ደንብ ዝም ያለው ሴንሰር ‹መረጃ የለም› ተብሎ ይመዘገባል። የኃላፊዋ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

«የመጀመሪያው የት ነው?» አለ በኃይሉ።

«ከጠርዙ በታች፤ ያቺ ጠባብ እርከን ላይ።»

ገመዱን ወገቧ ላይ አስረው አወረዷት። ጉንጯ ድንጋዩን እየፈተገ፣ እግሯ አየር እየረገጠ ወረደች። እርከኗ ላይ ስትደርስ አንደኛውን አየችው። የብረቱ ቅጠል ለሁለት ተበጥሷል። አሥራ አምስት ሚሊሜትር ሲያልፍ እንደሚበጠስ ራሷ ነበረች የነደፈችው። በሁለቱ ቁራጮች መካከል ያለው ክፍተት መዳፏን ከነጣቶቿ አስገባ። ከውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቷን መታት፤ ከሩቅ ውኃ ሲወርድ ይሰማል።

ሲጎትቷት ወጥታ ገመዱን ከወገቧ ፈታች።

«ምን አየሽ?» አለ ዳኜ።

«ዝም ያሉት ተበጥሰው ነው።»

አንድ ሰዓት ጠበቀች፤ በስንጥቁ ዳር ስትመላለስ ጭቃው መንገድ አወጣ። እንደገና ጠራች። አሥር። አሥራ ሦስት። ስድስት። ከሰኔ እስከ ዛሬ ስድስትና ሰባት ሚሊሜትር የሄደ ድንጋይ በአንድ ሰዓት አንድና ሁለት ሄዷል። ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ማንበቢያው ጠፋ። ብታበራው አልበራ አለ።

እየተንሸራተቱ ወረዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ ቅዳሴው መካከል ላይ ነው። በሩን ልትገፋ ስትል ዳኜ ክንዷን ያዘ።

«ቅዳሴ ከተጀመረ አይቋረጥም።»

«ገደሉ ሥር ናቸው እኮ!»

«አውቃለሁ። እኛም ነን። ጠብቂ።»

ከሕይወቷ ሁሉ ያን ያህል የረዘመ ጊዜ አልነበረም። በቅጥሩ ዙሪያ ዞረች። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር ጠብ ሲል ቀና ትላለች፤ ከውስጥ የሕፃናቱ ድምፅ ሲሰማ ጥርሷን ትነክሳለች። በዘጠኝ ሰዓት ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። መምሬ ባስልዮስ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ መስቀላቸውን እንደያዙ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ይወድቃል ነው የምትይው? መቼ?»

«መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ አባቴ። አለቆቼ ስድስቱ ቁጥር ካልተሟላ እንዳልናገር አዘውኛል። ያለኝ ሦስት ነው።»

«ልጄ፣ እዚህ ሰው ቤቱን ጥሎ የሚወጣው ታቦቱ ሲወጣ ነው። ታቦት ደግሞ በዋዛ አይወጣም። በክረምት፣ በጾም፣ ሕፃን አዝለው ሜዳ ላይ ሊያድሩ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ? አለቆችሽን አልጠየቅሁም።»

ትርሲት ወደ ላይ አየች። «እኔ እዚህ አላድርም፣ አባቴ። ልጅ ቢኖረኝም አላሳድርም። አውጧቸው።»

መምሬ ዲያቆኑን ጠርተው ደወሉን እንዲመታ አዘዙ።

ታቦቱ በዝናብ ውስጥ ወጣ። ሴቶቹ እልል አላሉም፤ አለቀሱ። በኃይሉ የእህቱን ሁለት ልጆች በትከሻው አድርጎ ከገብስ ማሳው ማዶ ወዳለው ተረተር ይመላለሳል። ዳኜ በአንድ እጁ በግ ይነዳል። እማሆይ አመተሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት «እኔ መቃብሬን ቆፍሬ የጨረስሁ ነኝ» ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አልነሣም አሉ። ታቦቱ ሲያልፍ ግን መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉ። ሳይመሽ መንደሩ ባዶ ሆነ።

ያ ሌሊት ቀዝቃዛ ነበር። በነጋታው ሰማዩ ጠራ፤ ፀሐይ ወጣች፤ ማዶ ያለው ገደል እንደ ወትሮው ቆሟል። ጠዋቱ አለፈ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሦስት ግልገሎች በብርድ ሞተዋል፤ አንድ ሕፃን ያስላል። አንድ ገበሬ መጥቶ ትርሲት ፊት ቆመ።

«እንግዲህ? ከብቶቼ በረት ናቸው። ልሂድ ወይስ ምን ልሁን?»

«አይሂዱ።»

«ማሽንሽ ሞቷል አሉ። በምን አውቀሽ ነው?»

«ትናንት ያየሁትን አይቻለሁ። አይሂዱ።»

ስድስት ሰዓት ላይ አሥር የሚሆኑ ወንዶች ሊወርዱ ተነሡ። ታቦቱ ባደረበት ድንኳን ቅዳሴ ሊጀመር ነበር። በኃይሉ መንገዱ አፍ ላይ ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ ተቀመጠበት። «በእኔ ላይ እለፉ» አላቸው። ትርሲት ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ሰደቧት። ደሞዝተኛ አሏት፤ ከገደሉ ጋር ምን ተስማምታ ነው ያሏትም ነበሩ። አልተነቃነቀችም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ወፎቹ ከገደሉ ወጡ።

መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። የገደሉ አናት ቀስ ብሎ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው ራስ፣ ወደ ፊት አዘነበለ። ከዚያ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ጩኸቱ መጣ፤ አቧራው ሸለቆውን ሞላ። በጎቹ ተበተኑ። ሕፃናት እናቶቻቸው ቀሚስ ውስጥ ገቡ። ለመውረድ ተነሥተው የነበሩት ወንዶች በተነሡበት ቆመው ቀሩ።

አቧራው ሲረጋ ቤተ ክርስቲያኑ የለም። ከመንደሩ የቀሩት ከዳር ያሉት ስምንት ቤቶች ናቸው። ጊዜው ትናንት ሕዝቡ ሁሉ በቅዳሴ ላይ የነበረበት ሰዓት ነው። ይህን ማንም በአፉ አላለውም፤ ሁሉም ግን ወደ ድንኳኑ እየዞሩ ያዩ ነበር። መምሬ ባስልዮስ መስቀላቸውን ከፍ እንዳደረጉ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቀደም ሲል «ከብቶቼ» ያለው ገበሬ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ነበር።

ትርሲት ወደ ተረተሩ ጫፍ ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። እጇን የት እንደምታደርገው አጥታለች። እማሆይ አመተሥላሴ አጎዛ ላይ ተቀምጠው በመቋሚያቸው ጠሯት።

«አንቺ ልጅ፣ ነዪማ። ድንጋዩ ዛሬ እወድቃለሁ ብሎሽ ነበር?»

«አላለኝም፣ እማሆይ። እየሄደ መሆኑን ብቻ ነው የነገረኝ።»

«ዛሬ ባይወድቅስ ኖሮ?»

«ነገም መንገዱ ላይ እቆም ነበር።»

«ጠልተንሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

እማሆይ አጎዛቸውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው ጠጋ አሉላት። ትርሲት ትንሽ አመነታች። ከዚያ ጭቃ የያዘውን ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯን ዘርግታ ከጎናቸው ተቀመጠች።